የሌሊት ወፎች ማን ከማን እንደሚወዳጅ እንዴት ይለካል?

ሁለት የሌሊት ወፎች ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ስለዋሉ ወዳጆች ናቸው ማለት አይደለም። ብርድ ከሆነ ማንም ከማንም ጋር ተለጥፎ ይውላል።

መጀመሪያ እያንዳንዷ መለየት አለባት። ክንዷ ላይ የሚደረገው ቀለበት እንደልብ ይንሸራተት፤ ከጠበቀ የክንፏን ስስ ቆዳ ይቆርጣል። መከታተያ መሣሪያ ከተገጠመላት ከክብደቷ 5 በመቶ አይለፍ፤ 10 ግራም ለምትመዝን 0.5 ግራም መሆኑ ነው። የሚይዛት ሰው ፈቃድ ያለው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደና ጓንት ያጠለቀ ይሁን። በወሊድ ወቅት ማደሪያውን አለመንካት ነው፤ እናቶቹ ደንግጠው ሲበሩ ግልገል ይወድቃል።

ከዚያ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በጨለማ በሚያይ (ኢንፍራሬድ) ካሜራ ማን ከማን ጋር እንደዋለ ይመዝገብ። ከሁለት ወፎች ቢያንስ አንዷ 24 ቀን ታይታ፣ አብረው የታዩት 12 ቀን ከሆነ ትስስራቸው 12 ለ24 ተካፍሎ 0.5 ነው። 20 ወፎች 190 ጥንድ ስለሚሆኑ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በአጋጣሚም አብረው ይገኛሉ። ስሞቹን በኮምፒዩተር 1000 ጊዜ አደበላልቆ ከእውነተኛው መዝገብ ጋር ማወዳደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወዳጅነትን ዋናው መፈተኛ ግን ምግብ ነው። ደም መጣጯ የሌሊት ወፍ ሦስት ቀን ገደማ ካልበላች ትሞታለች፤ የጠገበችው የዋጠችውን ደም መልሳ ታጎርሳታለች። የሌሊት ወፍ ተመራማሪው ጄራልድ ዊልኪንሰን ይህን በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አሳይቷል። በጥበቃ ሥር ባለ መንጋ ውስጥ አንዷን ለ24 ሰዓት ምግብ ከልክሎ፣ መዝኖ መመለስና አንድ ሰዓት መቅረጽ ነው። ነፍሰ ጡርና ግልገል ለዚህ አይሆኑም። አፍ ለአፍ መላላሱ 5 ሴኮንድ ከሞላ እንደ ማጉረስ ይቆጠራል፤ በአጭሩ ከተቋረጠ ልመና ብቻ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ድጋሚ ይመዘን። ማን ወደ ማን እንደተጠጋም ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትጠጋው ሰጪዋ ናትና። ይህን ያላየ መዝጋቢ ሁሉን ነገር የተራበችዋ ልመና ያደርገዋል።

ሌላው ወጥመድ ዝምድና ነው፤ እናትና ልጅ ይጎራረሳሉ። ከክንፍ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ዘረመል ካልታየ ወዳጅነቱ ከቤተሰብነት አይለይም። ከተለያየ ቦታ የመጡ እንግዶች ሲቀላቀሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማጉረስ አይጠበቅ። መጀመሪያ የሚመጣው ጸጉር መላላስ ነው፤ ማን የማንን ስንት ሴኮንድ እንደላሰች ይመዝገብ፣ የራሷን ስትልስ ግን አይቆጠር።