የአንጀልፊሽ እጭ በ5ኛው ቀን ለምን ያልቃል? የመጀመሪያ ምግብ ችግርና መፍትሄ

ይሄን የምጽፈው የባህር አንጀልፊሽ ጥንዳቸው ማታ ማታ እንቁላል መጣል ለጀመረላቸው፣ እንቁላሉን ለቅመው ማስፈልፈል ለቻሉ፣ ግን እጩ አንድ ሳምንት አልሻገር ላላቸው ሰዎች ነው። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ውሃው በበረኪና ታክሞ ከሆነ ክሎሪኑ በቲዮሰልፌት የጠፋ፣ እነዚህን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። በዋናነት የማወራው ስለ ትንንሾቹ ስለ ሴንትሮፓይጅ ወገን ነው፣ ፍሌም አንጀልና ዘመዶቹ ማለት ነው። ቀን ስቆጥር ደግሞ የተፈለፈሉበት ዕለት ዜሮ ነው።

ከቀን 1 እስከ 3 ማለቅ

ይሄ የምግብ ችግር አይደለም፣ ምግብ እየቀያየራችሁ አትልፉ። አንጀልፊሽ ሲፈለፈል አፍ የለውም፣ አይኑም ገና አልጠቆረም፣ ከአስኳሉ እየበላ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚቆየው። አፉ የሚከፈተው በ3ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከዛ በፊት ካለቁ ወይ እንቁላሉ ደካማ ነበር፣ ወይ ከአየር ፓምፑ የሚመጣው አየር በጣም በርትቶ አንገላቷቸዋል፣ ወይ ውሃው ላይ የቅባት ሽፋን አለና እሱ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። አየሩን በሰከንድ አንድ ሁለት አረፋ ብቻ እስኪሆን ቀንሱት፣ ሽፋኑን በወረቀት ሶፍት ጠረግ አድርጉት፣ በቃ።

ከቀን 4 እስከ 6 ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ማለቅ

ዋናው ይሄ ነው። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛው ይሄው ነው፣ እኔም ራሴ ስንት ፍልፍል ያጣሁት በዚሁ ነው። በ3ኛው ቀን ታንኩ በእጭ ሞልቶ ታያለህ፣ አይናቸው ጠቁሮ ያበራል፣ ደስ ይልሃል፣ በ4ኛው ቀን ትንሽ ቀነስ ይላሉ፣ በ5ኛው ቀን ጠዋት መብራቱን ስታበራ ግማሹ የለም፣ በ6ኛው ቀን ደግሞ አስር እንኳ አታገኝም። ሰው ታዲያ ወዲያው ውሃ መቀየር፣ መድሃኒት መጨመር፣ ሙቀት ማንሳት ይጀምራል። እባካችሁ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አምስት እጭ በሰፊ ፒፔት (የጠብታ መምጠጫ) አውጥታችሁ ማይክሮስኮፕ ስር እዩ። እጩ እንደ መስታወት ነው፣ ከበላ አንጀቱ ውስጥ ጠቆር ወይም ቡናማ ያለ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካልበላ አንጀቱ ባዶ ቱቦ ነው። ማይክሮስኮፕ ሳይኖራችሁ ይሄን ሥራ ባትጀምሩት ይሻላል፣ ውድ መሆን የለበትም፣ 40 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል።

አምስቱም ባዶ ከሆኑ ረሃብ ነው። «ኧረ ታንኩ በምግብ ተሞልቷል» የሚል መልስ ነው ሁልጊዜ የማገኘው። እውነት ነው፣ ተሞልቷል፣ ግን አፋቸው ውስጥ የሚገባ የለም።

አንደኛው ምክንያት ሮቲፈር ነው፣ ለእጭ ምግብነት የሚረባ በጣም ጥቃቅን የውሃ እንስሳ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደ አንጀል የሚመጣው ክላውንፊሽ አርብቶ ነው። የክላውን እጭ ሲፈለፈል አፉም አይኑም ዝግጁ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሮቲፈር ይበላል። ስለዚህ ያንኑ ባልዲ አምጥቶ አንጀሉ ላይ ይደፋዋል። የአንጀል እንቁላል ግን 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ናት፣ ከሷ የሚወጣው እጭ አፉ ሲከፈት ርዝመቱ ሦስት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በተለምዶ ከሚረባው ሮቲፈር በጣም ትንሽ የሚባለው ዘር እንኳ ከ90 እና 100 ማይክሮን ነው የሚጀምረው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ትልቁ ዘር 200 እና 300 ይደርሳል። ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል የውሃ እንስሳት አሉ፣ ከነሱ አንዱ የሆነው የፓርቮካላነስ ልጅ፣ ኖፕሊ የምንለው፣ ገና ሲፈለፈል ርዝመቱ ከ60 እስከ 70 ማይክሮን ወርዱ ደግሞ 40 አካባቢ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው። መጠኑ ብቻም አይደለም፣ ኖፕሊ ቆም ብላ ድንገት ፈንጠር ትላለች፣ እጩ የሚያያትና የሚወረወርባት በዚህ እንቅስቃሴዋ ነው፣ በተፈጥሮዋም ዲኤችኤ የሚባለው ቅባት አላት። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፍራንክ ቤንሽ የተባለው ዓሣ አርቢ ሃዋይ ውስጥ ሴንትሮፓይጅን ማሳደግ የቻለው በሮቲፈር አይደለም፣ በዚህ መጠን ባለ ከባህር በመጣ ምግብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ኮፔፖድ» የሚል ጠርሙስ ገዝቶ ትክክለኛው ነው ብሎ ማመን ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ጠርሙሱ ላይ ኮፔፖድ ተብሎ ይጻፋል፣ የትኛው እንደሆነ አይጻፍም፣ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ቲስቤ ወይም ቲግሪዮፐስ ነው። እነዚህ ለሪፍ (ለኮራል) ታንክ ጥሩ ናቸው፣ ለአንጀል እጭ ግን አይሆኑም፣ ምክንያቱም ልጆቻቸው ግድግዳና ወለል ላይ ይድሃሉ፣ እጩ ደግሞ የሚያድነው መሃል ውሃ ላይ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ቲስቤ አርብቶ ታንኩ ግድግዳ በኖፕሊ ነጭ ነጥብ ሞልቶ እጮቹ መሃል ላይ በረሃብ አለቁበት፣ ሄጄ ሳየው አላስቻለኝም። መለየት ቀላል ነው፦ ጠርሙሱን ለአስር ደቂቃ አስቀምጡት፣ ጠርዝ ላይ የሚሳብና ወለል ላይ የሚሰበሰብ ከሆነ አይሆንም። ውሃው መሃል ላይ ተበትኖ ረዣዥም አንቴና ዘርግቶ ፈንጠር ፈንጠር የሚል ከሆነ ካላኖይድ የሚባለው የነፓርቮካላነስ ወገን ነው፣ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ምግቡ ያድጋል። እጩ አፉን እስኪከፍት ተዘጋጅቼ ልጠብቀው ብሎ በቀን 1 ኖፕሊ የሚጨምር አለ። ፓርቮካላነስ በዚህ ሙቀት ከእንቁላል እስከ አዋቂ አንድ ሳምንት አካባቢ ነው የሚፈጅበት፣ ስለዚህ በቀን 1 የጨመርካት ኖፕሊ በቀን 4 እጩ የማይውጣት ሆናለች። ይባስ ብሎ ለሚቀጥለው ኖፕሊ የምትሰጠውን አልጌ ትበላብሃለች። መጨመር ያለባችሁ በ2ኛው ቀን ማታ ወይም በ3ኛው ቀን ጠዋት ነው፣ የምትጨምሩት ደግሞ የዛን ቀን የተጣራውን ብቻ።

ማጣራቱ እንዲህ ነው። ካልቸሩን፣ ማለትም ኮፔፖዱ የሚረባበትን ውሃ፣ በመጀመሪያ በ120 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉት፣ አዋቂዎቹ እዛ ላይ ይቀራሉ፣ ወደ ካልቸራቸው መልሷቸው። ያለፈውን በ75 አሳልፉ፣ እዛ ላይ የሚቀረው ለዚህ ዕድሜ ትልቅ ነው። ከዛ ያለፈውን በ38 ወይም በ40 ያዙት፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግባችሁ እዛ ላይ የቀረው ነው። ወንፊቱ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይሁን!! ወንፊት ላይ ደርቆ የቆየ ኖፕሊ ሲጨመር ያው የሞተ ነው፣ እጭ የማይንቀሳቀስ አይበላም። ርካሽ ወንፊት ስትገዙም የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ ማይክሮስኮፕ ስር አስገብታችሁ ቀዳዳውን እዩት፣ 75 ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ ወንፊት ቀዳዳው አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ነበር፣ እሱን እስካውቅ ሁለት ፍልፍል አጥቻለሁ። ከዛ ከታንኩ አንድ ሚሊሊትር ወስዳችሁ ቁጠሩ፣ ጠዋትም ማታም፣ ከ5 እስከ 10 ኖፕሊ በሚሊሊትር መኖር አለበት። በአይን ግምት አይሆንም። አፋቸው ተከፍቶ ሁለት ቀን ያህል ሳይበሉ ከቆዩ በኋላ ምግብ ብታቀርቡላቸውም የመብላት አቅም የላቸውም፣ ለዛ ነው አንድ ቀን መሳሳት ሙሉውን ፍልፍል የሚያስከፍለው።

አራተኛው ምክንያት፣ እኔን ከሁሉም በላይ ያሰቃየኝ፣ ሮቲፈር ኮፔፖዱ ካልቸር ውስጥ መግባቱ ነው። ሮቲፈር ያለ ወንድ ራሱን ስለሚያባዛ በሙቅ ውሃ በየቀኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ኮፔፖድ እንደዛ አይችልም። አንዲት ጠብታ በቂ ናት። የኔ የገባው በአየር ነው፣ ሁለቱን ባልዲዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ የሮቲፈሩ አረፋ ሲፈነዳ የሚረጨው ጠብታ ወደዚህ ገባ፣ ስድስት ሳምንት የለፋሁበት 20 ሊትር ካልቸር በአምስት ቀን ውስጥ ሾርባ ሆነ፣ እኔም ሳላውቅ ከሱ እያጣራሁ እጭ እመግብ ነበር፣ «ኖፕሊ ቁጥሩ ጨመረ» ብዬ እየተደሰትኩ። የቆጠርኩት ሮቲፈር ነበር። ከዛ ወዲህ ስቆጥር እየለየሁ ነው የምቆጥረው፦ ኖፕሊ ፈንጠር ትላለች እግሮቿም ይታያሉ፣ ሮቲፈር እየተንከባለለ በዝግታ ይዋኛል፣ ጅራት የሚመስል እግር አለው።

ከገባ በኋላ ምን ይደረግ? በወንፊት ብቻ ለማጽዳት አትሞክሩ፣ አዋቂዎቹን በ120 ይዛችሁ ብታጥቡም አንድ ሁለት ሮቲፈር ተጣብቆ ይቀራል፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዛው ናችሁ። የሚሠራው በፒፔት አንድ በአንድ ከ30 እስከ 50 አዋቂ ኮፔፖድ ለቅሞ፣ በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ እያዘዋወሩ አጥቦ፣ በትንሽ ብርጭቆ ከዜሮ መጀመር ነው። አድካሚ ነው አውቃለሁ፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ባልዲውን፣ ቱቦውን፣ የአየር ድንጋዩን በበረኪና ከዛም በፈላ ውሃ። ማድረቅ ብቻ አይበቃም፣ የሮቲፈር የእንቅልፍ እንቁላል ደርቆም ይቆያል። ከዚህ በኋላ፦ ለኮፔፖድ የራሱ ፒፔት፣ የራሱ ወንፊት፣ የራሱ ባልዲ። ጠዋት መጀመሪያ ኮፔፖዱን ነው የምትነኩት፣ ሮቲፈሩ መጨረሻ ላይ፣ እጃችሁም ይታጠብ። የሚቻል ከሆነ በተለያየ ክፍል አስቀምጧቸው። አንድ ትርፍ ካልቸር ደግሞ ሌላ ቦታ ሁልጊዜ ይኑራችሁ፣ ይሄን ስል ከልቤ ነው፣ ያ ትርፍ ካልቸር ባይኖረኝ ኖሮ ይሄን ሥራ ትቼው ነበር።

ኮፔፖዱ አለ ግን ኖፕሊ አይገኝም

አዋቂው በሕይወት አለ፣ እንቁላል ግን አይጥልም። ዘጠና ከመቶ የአልጌ ጉዳይ ነው። ፓርቮካላነስ ሕያው አልጌ ይፈልጋል፣ ቲ-አይሶ ዋናው ነው፣ ኬቶሴሮስ ቢጨመር ጥሩ። በጠርሙስ የሚሸጠው የሞተ የአልጌ ድልህ ወለል ላይ ይዘቅጣል፣ ውሃውን ያበላሻል፣ እንቁላል አያስጥልም። ናኖክሎሮፕሲስ አረንጓዴና ርካሽ ስለሆነ ሰው ይወደዋል፣ ለሮቲፈር ይሆናል፣ ለዚህ ግን በጣም ትንሽ ናት፣ ዲኤችኤም የላትም። ውሃው ቀለል ያለ የሻይ ቀለም ይያዝ፣ በአንድ ቀን ነጭ ከሆነ ርቧቸዋል ማለት ነው። አልጌውን እጩ ታንክ ውስጥም ጨምሩ፣ ኖፕሊዋ ባዶ ሆዷን ከተበላች እጩም ያገኘው ባዶ ነው።

ሁሉም አንድ ጥግ ላይ መሰብሰብ

መብራቱ አንድ ቦታ ላይ ያተኮረ ነው፣ ወይ ከመስኮት ብርሃን ይገባል። እጩም ኖፕሊውም ወደ ብርሃን ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ግድግዳ ሲገጩ ይውላሉ። የታንኩን ጎን በጥቁር ሸፍኑ፣ ብርሃኑ ከላይ ተበትኖ ይምጣ።

ውሃው በሚሽከረከሩ ጥቃቅን ነገሮች መሞላት

ሲሊየት የሚባል ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ነው። ከታች የሞተ ነገር እንዳለ ነው የሚነግራችሁ፣ ወለሉን በቀጭን ቱቦ ሳቡ።

ከቀን 15 በኋላ ድንገት መሞት

አርቴሚያ የሚባለውን ትንሽ የጨው ውሃ ሽሪምፕ ቸኩላችሁ ሰጥታችኋል። ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ ከ400 ማይክሮን በላይ ነው፣ ዲኤችኤውም ደካማ ነው። መጀመሪያ ከ75 ወንፊት ላይ የምትጥሉትን ተለቅ ያለውን ኮፔፖድ ስጡ፣ ቀጥሎ በቲ-አይሶ የበላ ሮቲፈር (እዚህ ጋር ነው ሮቲፈር የሚጠቅመው)፣ አርቴሚያው ሆዳቸው ውስጥ ሮቲፈር ማየት ከጀመራችሁ ከቀናት በኋላ ይምጣ፣ እሱም በቅባት የበለጸገ። ኖፕሊውን ደግሞ በአንድ ቀን አታቋርጡ፣ ከአንድ ፍልፍል ውስጥ ትልልቁና ትንንሹ እኩል አያድግም፣ ወደኋላ የቀሩት አሁንም እሱን ነው የሚበሉት። ቀለም ይዘው ወለል ላይ እስኪያርፉ ሁለት ወር አካባቢ ስለሚፈጅ ኮፔፖዱን እስከዛ ድረስ አታፍርሱት።