የዌብ ኮድ መጻፊያ ኤዲተር እንዴት እንምረጥ? እንዴትስ ለእጃችን እናመቻቸው?

በአማርኛ የሠራሁት የመጀመሪያ ዌብሳይት ላይ አንድ ርዕስ አረንጓዴ መሆን እምቢ አለኝ። ኮዱን ደጋግሜ አነበብኩት። የቀለሙ ስም ትክክል ነው። ቅንፉ ተዘግቷል። ፋይሉም ሴቭ ሆኗል። ግማሽ ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሳልመልስ ስለጻፍኩ፣ ከቀለሙ ስም በፊት የገባው የእንግሊዝኛው : ሳይሆን የእኛው ፡ ነበር። ለዓይን መንታ ናቸው። ብራውዘሩ ግን ፡ን እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሚቆጥረው መስመሩን ድምፁን አጥፍቶ ዘለለው።

ያኔ የምጽፈው ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ተራ ኖትፓድ ነበር። ደህና ኤዲተር ቢሆን ኖሮ ያቺን ቦታ በቀይ አስምሮ እዚህ ጋ : ይጎድላል ይለኝ ነበር። ስለዚህ ኤዲተር ስትመርጡ ከመልኩ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ስሳሳት ይነግረኛል ወይ? ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚስተካከል ነው።

የቱን እንምረጥ?

መጀመሪያ ወርድን ተዉት። ወርድ ለደብዳቤ ነው። ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት በራሱ ጊዜ ወደ ተጠማዘዘው ይቀይረዋል፣ ኮዱም ይበላሻል።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው ቪኤስ ኮድን ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ይፋ ያደረገው ነጻ ኤዲተር ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። የገጹን አጽም የሚሠራውን ኤችቲኤምኤልን፣ መልኩን የሚወስነውን ሲኤስኤስን እና እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ጃቫስክሪፕትን ምንም ሳትጨምሩበት ያውቃል። ስትጽፉ ቀሪውን ይጠቁማችኋል፣ ስትሳሳቱ ያሰምርላችኋል። ችግሩ ራም ይበላል። የተሠራው ኤሌክትሮን በሚባል ነገር ላይ ነው፤ ይህ ማለት በውስጡ አንድ ሙሉ ብራውዘር ተሸክሟል ማለት ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ ላፕቶፕ ላይ ከክሮም ጋር ጎን ለጎን ይሠራል፤ ብዙ ታብ ከከፈታችሁ ግን መንቀራፈፉ አይቀርም።

ላፕቶፓችሁ ያረጀ ከሆነ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ሞክሩ። ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ነጻ፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ዳታም አይጨርስባችሁም። ኮዱን በቀለም ይለያል፣ ስህተት በመጠቆም ግን ቪኤስ ኮድን አያክልም። ሰብላይም ቴክስት ደግሞ እጅግ ፈጣን ነው። የሚሸጥ ቢሆንም የሙከራ ጊዜው ገደብ የለውም። ቪም የሚባለውን በኪቦርድ ትእዛዝ የሚነዳ ኤዲተር የሚወዱ ሰዎች ከልባቸው ይወዱታል። ነገር ግን ኮድና ቪምን በአንድ ጊዜ መማር ሁለት ሸክም ነው፣ ቪምን ለኋላ አቆዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቆዩ የዩቲዩብ ትምህርቶች አተምን ወይም ብራኬትስን አውርዱ ይላሉ። አዶቤ ለብራኬትስ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2021 አቁሟል። አተም ደግሞ በታኅሣሥ 2022 በፈረንጆቹ ተዘግቷል። ትምህርቱን ተከታተሉ፣ ኤዲተሩን ግን እለፉት።

ከዚህ በታች ያለው በቪኤስ ኮድ ነው። ቁልፎቹም የዊንዶውስ ናቸው።

ኢንስቶል ስታደርጉ

ከራሱ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ዊንዶውስ ላይ ዩዘር ኢንስቶለር የሚባለውን ከመረጣችሁ የአድሚን ፓስወርድ አይጠይቅም። የመሥሪያ ቤት ወይም የኮሌጅ ኮምፒውተር ለሚጠቀም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኢንስቶል ሲሆን ኦፕን ዊዝ ኮድ የሚሉትን ሳጥኖች ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ፎልደር በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ መክፈት ትችላላችሁ።

ደግሞ ሁልጊዜ ፋይሉን ሳይሆን ፎልደሩን ክፈቱ። ብዙ ጀማሪ የሚስተው ይህን ነው። ፎልደሩ ሲከፈት ኤዲተሩ ሥራችሁን በሙሉ ያያል። የፎቶ አድራሻ ስትጽፉ የፎቶዎቹን ስም ይዘረዝርላችኋል። በሁሉም ፋይሎች ውስጥ አንድ ቃል መፈለግም ይቻላል። የራሳችሁን ፎልደር ስትከፍቱ ታምነዋለህ ወይ ብሎ ከጠየቀ እሺ በሉት። ከማታውቁት ሰው የመጣ ከሆነ ግን ረጋ በሉ።

መብራት ሲጠፋ እንዳታለቅሱ

ኮንትሮልን ይዛችሁ የእንግሊዝኛውን ኮማ ስትጫኑ ሴቲንግ ይከፈታል። መፈለጊያው ላይ ኦቶ ሴቭ ብላችሁ ጻፉ። ሲመጣላችሁ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። አፍተር ዲሌይ የሚለውን ምረጡ። መጻፍ አቁማችሁ 1 ሰከንድ ሲያልፍ ፋይሉ በራሱ ሴቭ ይሆናል። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚቀድም ሴቲንግ የለም።

ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ካላችሁ ኦን ፎከስ ቼንጅ ይሻላል። ከፋይሉ ወጥታችሁ ወደ ሌላ ስትሄዱ ብቻ ሴቭ ያደርጋል። ለምን እንደሚሻል ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

ኮዱን ራሱ ያስተካክል

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤክስን አንድ ላይ ስትጫኑ የኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ኤዲተሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ገበያ ይከፈታል። ፕሪቲየርን ፈልጋችሁ ኢንስቶል አድርጉ። ሥራው የተዘበራረቀን ኮድ በሥርዓት መደርደር ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ዲፎልት ፎርማተር የሚለውን ፕሪቲየር አድርጉት። ፎርማት ኦን ሴቭ የሚለውንም አብሩት። አሁን ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ገባ ገባ ማለት ያለበት መስመር ገባ ይላል፣ የተጣበቀውም ይለያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፤ ሁሉንም አብርቼ ለምን አያስተካክልልኝም ይላል። ኦቶ ሴቭ በአፍተር ዲሌይ ላይ ከሆነ ፕሪቲየር የሚሠራው በእጃችሁ ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኑ ብቻ ነው። እየጻፋችሁ ኮዱ ከእጃችሁ ሥር እንዳይንቀሳቀስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በኦን ፎከስ ቼንጅ ግን በራሱ ያስተካክላል።

ሁለተኛው ኤክስቴንሽን ላይቭ ሰርቨር ነው። ሴቭ ስታደርጉ ብራውዘሩ ላይ ያለው ገጽ በራሱ ይታደሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ በላይ ለጊዜው አትጨምሩ። አንድ ኤክስቴንሽን ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሮጥ የሌላ ሰው ፕሮግራም ነው፤ ተንኮል የተቀበረባቸውም ተገኝተው ያውቃሉ። ስትጨምሩ የሠሪውን ስምና ስንት ሰው እንዳወረደው ተመልከቱ። ታዋቂውን ስም በአንድ ፊደል ለውጦ የሚመጣም አለ።

አማርኛው እንዲያምር

ብዙ መመሪያ ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባዶ ፋይል ክፈቱና ስሙ ላይ የኤችቲኤምኤልን ቅጥያ ጨምራችሁ ሴቭ አድርጉት። ከዚያ ! ጽፋችሁ ታብን ተጫኑ። ኤሜት የሚባለው ውስጡ ያለ መሣሪያ የገጹን አጽም በሙሉ ያወጣላችኋል። ግን የቋንቋውን ቦታ እዩት፤ እንግሊዝኛ ይላል። እንዲሁ ከተዋችሁት ለዓይነ ስውራን ገጽ የሚያነብ ፕሮግራም አማርኛችሁን በእንግሊዝኛ ደንብ ሊያነበው ይሞክራል። ሴቲንግ ውስጥ ኤሜት ቫሪያብልስ ብላችሁ ፈልጉ፣ የቋንቋውን ዋጋ ወደ አማርኛ መለያ ማለትም ኤ እና ኤም ወደሚሉት ሁለት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀይሩት። ከዚህ በኋላ የምታወጡት አጽም ሁሉ አማርኛ ነኝ ብሎ ይጀምራል።

ከኤዲተሩ ግርጌ በስተቀኝ ዩቲኤፍ-8 የሚል ጽሑፍ አለ፤ ኮምፒውተሩ ፊደላትን በቁጥር የሚያስቀምጥበት ስሌት ነው። እሱ መኖሩን አረጋግጡ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ብራውዘሩ በሌላ ስሌት ካነበበው ሰላም የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ቁራጭ ትሆናለች፤ ማያው ላይ የምታዩት ጭረት የተደረገበት የላቲን ፊደልና ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። አጽሙ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መስመር አትሰርዙ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ሰነድ ካላችሁ ግን ኮፒ ስታደርጉት የእንግሊዝኛ ፊደል ጥርቅም ሆኖ ይመጣል። እሱን ኤዲተር አያስተካክለውም። እንደገና መጻፍ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ ነው።

ለፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ፣ በነጻ ይገኛል። ሴቲንግ ውስጥ ፎንት ፋሚሊ የሚለው ላይ ያለውን አታጥፉ። ከመጀመሪያው ፎንት ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ኮማ አድርጋችሁ፣ የኖቶን ስም በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ጨምሩ። ኤዲተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል በተራ ይፈልጋል። ኮዱ በመጀመሪያው ፎንት ይጻፋል፣ አማርኛው እዚያ ስለሌለ ወደ ኖቶ ይሄዳል። መጠኑንም ከ14 ወደ 16 ከፍ አድርጉት። በትንሽ ፊደል የደ እና የዳ እግር አይለይም፣ ዓይንም ይደክማል።

ረጅም የአማርኛ አንቀጽ ከማያው ወጥቶ ከሄደባችሁ ኦልትና ዜድ ተጫኑ፤ ይታጠፍላችኋል።

ስለ ፡ የነገርኳችሁን አደራ አትርሱ። ፤ ደግሞ ይብሳል። በሲኤስኤስ መስመር መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛው ; ፈንታ ከገባች ራሷ ያለችበትን መስመር ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ይዛ ትጠፋለች። ብራውዘሩ ሁለቱን መስመሮች እንደ አንድ ስለሚያነባቸው ነው። ቀይ ሰረዝ ካያችሁና ኮዱ ትክክል ከመሰላችሁ መጀመሪያ ከሰረዙ በላይ ያለውን መስመር ነጥቦች በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አጥፍታችሁ ድጋሚ ጻፏቸው።

ለእጃችሁ

አቋራጭ ቁልፎችን በአንድ ቀን ለመሸምደድ አትሞክሩ። ኮንትሮልና ፒ ፋይል በስሙ ይከፍታል። ኦልትን ይዛችሁ የላይ ወይም የታች ቀስት ስትጫኑ መስመሩ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። እኔ የምወደው ኮንትሮልና ዲ ነው። የአንድ ክላስ፣ ማለትም መልክ ለመስጠት ለገጹ ክፍሎች የምናወጣው መጠሪያ፣ ስም ስድስት ቦታ ተጽፏል እንበል። ስሙ ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ ኮንትሮልና ዲን አምስት ጊዜ ተጫኑ። ስድስቱም ይመረጣሉ። አንዴ ስትጽፉ ስድስቱም ይቀየራሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ፒ ደግሞ ስሙን የምታውቁትን ማንኛውንም ትእዛዝ ጽፋችሁ የምትፈጽሙበት ነው።

ከለሩን የፈለጋችሁትን አድርጉት። ኮንትሮልን እንደያዛችሁ ኬን ቀጥሎም ቲን ስትጫኑ ዝርዝሩ ይመጣል። ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ወይም በረንዳ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ነጩ ከጥቁሩ በተሻለ ይነበባል።

ይህን ሁሉ ስትጨርሱ በታች በስተግራ ካለው የማርሽ ምልክት ውስጥ ሴቲንግ ሲንክን አብሩት። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ይገባል። ኮምፒውተር ስትቀይሩ አካውንታችሁን አስገብታችሁ እንደገና ስታበሩት ፎንቱ ሲቀር ሁሉም ተከትሏችሁ ይመጣል። ፎንቱን ለብቻው ፍላሽ ላይ ያዙት።