ስቶክሆልም ላይ ናፍቆት ሲጠናብኝ

ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ሆድ የሚብሰኝም ያኔ ነበር። እማዬ ጋ ስደውል ድምፄን ሰምታ እሷም ታለቅሳለች። ስልኩ ሲዘጋ ይብስብኛል።

መላው ሰዓቱን መቀየር ሆነ። አሁን የምደውለው እሁድ ጠዋት፣ ቡና ስታፈላ ነው። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ታቆመዋለች፤ እኔም ጀበናዬን ጥጄ ከአቦል እስከ በረካ አብረን ነን። ስለ ናፍቆት አናወራም። የሰፈር ሐሜት እያለ ምን በወጣን!

ቡና ደግሞ ለብቻ አይሆንም፤ ጎረቤቴን ጠራኋት። ሱዳናዊት ናት። እነሱም ጀበና አላቸው፣ ዝንጅብል ይጨምሩበታል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ገብተናል።

ለሚሞክር፦ ቡናው ሲቆላ መስኮት ይከፈት። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሰውን ሁሉ ያስደነግጣል።