የሲንተሳይዘርና የአምቢየንት ሙዚቃ ፈር ቀዳጆችን እንዴት ፈልጎ ማግኘት ይቻላል

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃንና የአምቢየንትን (በዝግታ የሚፈስ፣ አካባቢን የሚሞላ ሙዚቃ) ፈር ቀዳጆች ለማወቅ የሚነሣ አድማጭ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ታዋቂ ስሞች አያልፍም። የተሻለው መንገድ ከዝነኛ ስም ሳይሆን ከመሣሪያው መጀመር ነው፤ በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩት ሲንተሳይዘሮች ጥቂትና ውድ ስለነበሩ፣ አንዱን መሣሪያ የተከተለ ሰው የተጫወቱበትን ሙዚቀኞች ማግኘቱ አይቀርም።

በመጀመሪያ ሁለት መሣሪያዎችን ያነጻጽሩ። በኒው ዮርክ ግዛት ሮበርት ሙግ የሠራው ሲንተሳይዘር እንደ ፒያኖ ባለ ኪቦርድ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ዶን ቡክላ የሠራው ግን የተለመደውን ኪቦርድ ትቶ በጣት የሚነኩ ሰሌዳዎችን ይጠቀም ነበር። ዌንዲ ካርሎስ በ1968 የጥንቱን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባክን ሥራዎች በሙግ ተጫውታ ያሳተመችውን አልበም፣ ከዚያም ሞርተን ሱቦትኒክ በ1967 በቡክላ የሠራውን «ሲልቨር አፕልስ ኦፍ ዘ ሙን» አከታትለው ያድምጡ። በአንደኛው የታወቀ ዜማ አዲስ ቃና ለብሶ ይሰማል፤ በሁለተኛው ድምፁ ራሱ የሙዚቃው ጉዳይ ይሆናል። ሁለተኛው ከሳበዎት ቀጥሎ እንዲሁ በቡክላ የተጫወተችውን ሱዛን ቺያኒን ይፈልጉ።

በመቀጠል ስቱዲዮዎችን ይከተሉ። በ1958 የተቋቋመው የቢቢሲ የድምፅ ስቱዲዮ፣ ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ፣ ወደ ዳፍኒ ኦራምና ወደ ዲሊያ ደርቢሻየር ያደርሳል። ደርቢሻየር በ1963 የ«ዶክተር ሁ»ን (የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ) መግቢያ ሙዚቃ የሠራችው ድምፅ የተቀረጸበትን ቴፕ እየቆረጠችና እየቀጠለች ነበር፤ ዜማውን የደረሰው ሮን ግሬነር ሲሆን፣ የእሷ ስም ግን ለብዙ ዓመታት በስክሪኑ ላይ አልወጣም። ይህ በደል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለፍለጋው ስለሚጠቅምም፣ ከደራሲው ስም በተጨማሪ ድምፁን ያቀናበሩትንና የቀረጹትን ሰዎች ስም ማንበብ ይገባል። በፓሪስም ከተቀረጹ ድምፆች ሙዚቃ መሥራትን ከጀመረው ከፒየር ሼፈር ጋር የሠሩትን ሲከተሉ በ1976 «ኦክሲጅን»ን ያወጣውን ዣን ሚሼል ዣርን፣ እንዲሁም በዝግታ የሚለወጥ ረጅም ድምፅ ኤአርፒ 2500 በተባለው ሲንተሳይዘር የሠራችውን ኤሊያን ራዲግን ያገኛሉ።

ሦስተኛው እርምጃ የባንድ አባላትን መከተል ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ፍሬያማው ይህ ነው። የጀርመኑ ታንጀሪን ድሪም በ1970 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ከበሮ የመታው ክላውስ ሹልዝ ብዙም ሳይቆይ ለብቻው የሲንተሳይዘር ሥራዎችን ማሳተም ጀመረ። በዚያው አልበም የተሳተፈው ኮንራድ ሽኒትዝለር ከሮዴሊየስና ከሞቢየስ ጋር ክላስተር የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ እሱ ከወጣ በኋላ ሁለቱ በ1977 ከእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ከብራያን ኢኖ ጋር አልበም አወጡ። በዚህ መንገድ ከአንድ አልበም ተነሥተው፣ ኢኖ በ1978 «አምቢየንት» የሚለውን ስም በሽፋኑ ላይ ይዞ እስካወጣው «ሚውዚክ ፎር ኤርፖርትስ» ድረስ ይደርሳሉ።

እነዚህን ሥራዎች ከመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ተነሥተው አይፍረዱባቸው። የኢኖን ሙዚቃ ሌላ ሥራ እየሠሩ ድምፁን ዝቅ አድርገው ማድመጥ ይችላሉ፤ የራዲግን ግን ያለ ምንም ሥራ ተቀምጠው፣ ረቂቅ ለውጦችን በሚያሰማ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ይከታተሉ።

በመጨረሻም ሥራው የተሠራበትን ዓመትና ዳግም የታተመበትን ለይተው ይመዝግቡ። የጃፓናዊው ሂሮሺ ዮሺሙራ «ሚውዚክ ፎር ናይን ፖስት ካርድስ» በ1982 ወጥቶ ሳለ፣ ከጃፓን ውጭ ብዙ አድማጭ ያገኘው በ2017 ዳግም ሲታተም ነበር። እንዲህ ያለ አልበም ሲያጋጥምዎት ያሳተመውን ድርጅት ስም ይያዙና ሌሎች ሕትመቶቹን ይመልከቱ።