አያ ጅቦን ከመድረክ ወደ ፊልም ለማውጣት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዳይሬክተር የሆንኩት በግድ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የግቢያችን ወጣቶች ለዳግማይ ትንሣኤ ቲያትር እናሳይ ብለው ተነሡ። መጀመሪያ ልብሱን ስፊልን አሉኝ። ቀጥሎ «እትዬ፣ ጅቡንም አንቺው ሥሪልን» መጣ። ጅቡን የሠራሽው አንቺ ሆነሽ ማን ሊመራው ነው ሲሉኝ መግቢያ መውጫ አጣሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለ ልኳንዳ በሁዳዴ ገበያ ጠፍቶበት ሊዘጋ ደርሷል። ሌሊት አያ ጅቦ ይመጣና በዘፈን ያዋራዋል፦ አጥንቱን ለእኔ፣ ገበያውን ለአንተ። መጀመሪያ በአጥንት ይጠግባል። ቆይቶ አበዳሪውን ይበላል፣ ከዚያ አከራዩን፣ መጨረሻ ላይ የባለ ልኳንዳውን እጮኛ። አስፈሪ ነው፤ ግን ሰው በሳቅ ፈረሰ። ያሳየነው ኮሚናል ውስጥ ነው፣ በግ የሚታረድበት ቤት፣ ስለዚህ ለመድረክ ማስዋቢያ ብዙም አልተቸገርንም።

ከዚያ «በስልክ እንቅረጸውና ፊልም ይሁን» ተባለ። ስልኩን ከኋላ ወንበር ላይ አቁመን ቀረጽን። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጅቤም ጅብ መሆኑ ቀርቶ ቁልጭ ያለ ማዳበሪያ ሆኖ ቁጭ አለ። እናንተም ቲያትራችሁን ፊልም ልታደርጉ ካሰባችሁ፣ እኛ ሁለት ጊዜ የለፋንበትን አንድ ጊዜ ልፉበት።

ከዘፈኑ ጀምሩ። ምስል ከመቅረጻችሁ በፊት ዘፈኑ በሙሉ ተቀድቶ ይለቅ። እኛ የእኔን ቁም ሣጥን ከፍተን፣ ዙሪያውን ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ዘፋኙን መሐል አቆምነው። ቀረጻ ላይ ዘፈኑን በስፒከር እየለቀቃችሁ ተዋናዩ አፉን ያስኪደው። ደግሞም በእውነት ይዝፈን፤ አፉን ብቻ ካንቀሳቀሰ የአንገቱ ሥር አይነሣም፣ ያስታውቃል። በዚህ መንገድ ቆራሌው መጥቶ ቢጮህም ግድ የላችሁም። ለንግግሩ ግን ቆራሌው እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

የሳቁን ቦታ ደግሞ ቁረጡት። አያ ጅቦ ልኳንዳው ገብቶ ቁርበት አንጥፉልኝ ብሎ ሲዘፍን፣ ተረቱን የማያውቅ ስለሌለ ቤቱ ይናጋል፤ ጅቡን የሚጫወተው ልጅም ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ፊልሙ ላይ ያቺ ዝምታ ቃሉ የጠፋበት አስመሰለችው። እሷን አውጥተን የባለ ልኳንዳውን ፊት አስገባን። ቢላዋውን ይዞ ዓይኑን ያፈጣል፣ በቃ።

አሁን ወደ ጅቡ። ጭንቅላቱ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ መንጋጋው ውስጥ ሽቦ አለበት፣ ቆዳው ማዳበሪያና ያረጀ ካፖርት። ልጁ እጁን አስገብቶ ነው አፉን የሚከፍተው። ከባድ ነው። ፈጣን ዘፈን ላይ አፉ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው የእኔ አይደለም፤ ከትልልቆቹ የተወሰደ ነው። «ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» የሚባል ሰው የሚበላ ተክል ያለበት ሙዚቃዊ ቲያትር አለ። በ1960 እ.ኤ.አ. ከወጣ ርካሽ ፊልም ተነሥተው ሃዋርድ አሽማንና አላን ሜንከን በ1982 ኒው ዮርክ መድረክ ላይ አቀረቡት። በ1986 ፍራንክ ኦዝ ፊልም አደረገው። ተክሉ አሻንጉሊት ነው፣ አፉ እንደኛው ጅብ ከባድ። ስለዚህ ካሜራውን ከወትሮው ባነሰ ፍጥነት ቀርጸው በመደበኛው ፍጥነት አሳዩት፤ ዘገምተኛው አፍ ቀልጣፋ ሆነ።

በስልክ እንዲህ ይሠራል። ዘፈኑን በኤዲቲንግ አፕ በግማሽ ፍጥነት አዘጋጁ። እሱን እየለቀቃችሁ ቅረጹ። ልጁ የተንቀረፈፈውን ዘፈን ተከትሎ አፉን ቀስ ብሎ ያንቀሳቅስ። ከዚያ ምስሉን በእጥፍ አፍጥኑና ትክክለኛውን ዘፈን ከሥሩ አስገቡ። እኛ ስናየው ጮኸናል።

ጣጣው ከጅቡ ጎን የቆመው ሰው ነው። እሱም በግማሽ ፍጥነት መተወን አለበት፤ የዚያ ፊልም መሪ ተዋናይ ሪክ ሞራኒስም እንዲሁ ነው ያደረገው። እጅና እግርን ማዘግየት ይለመዳል። የሚያጋልጠው የዓይን ሽፋሽፍት ነው። ባለ ልኳንዳችን እንደወትሮው ዓይኑን ሲያርገበግብ፣ ምስሉ ሲፈጥን ዓይኑ ውስጥ በርበሬ የገባበት መሰለ። «ዓይንህን እንደ እንቅልፋም ክደን» ስለው ተስተካከለ። ጭስም እዚህ ትዕይንት ላይ አታስገቡ። ለጉም የምንጠቀመው ዕጣን ነበር፤ ምስሉ ሲፈጥን ጭሱ እንደ ሮኬት ወደ ላይ ተተኮሰ።

የጅብ ዓይን በጨለማ እንዴት እንደሚያበራ የከተማ ዳር ሰው ያውቀዋል። አምፖል አትክተቱ። ከብስክሌት ኋላ የሚገጠሙትን ሁለት አንጸባራቂዎች ስፖንጁ ላይ ስፉ፣ መብራቱን አጥፉ፣ የስልኩን ባትሪ አብሩና ቅረጹ። መብራቱ ከካሜራው አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ተመልሶ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመጣል። ሌላ ቦታ ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም፤ ስልኩ ላይ ግን ፀጉር ያቆማል።

ደም በቀይ ሥር አትሥሩ፣ ካሜራ ላይ ሮዝ ነው። የተፈላ ስኳር፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ጠብታ የጠቆረ ቡና ይበቃል። ዝንቡን ቻሉት።

እውነተኛ የጅብ ድምፅ ከፈለጋችሁ ከበረንዳ ሆናችሁ ቅዱ። ልጆቹ ማታ ወደ ጋራው ወጥተን እንቅረጽ ብለው ነበር። እሱ የተዋናይ ሥጋ ነው ብሎ አይተውም አልኳቸው።

አሁን የከፋውን ልንገራችሁ። ፊልሙ አለቀ፣ ኮሚናል ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቅለን በተዋስነው ፕሮጀክተር አሳየን። ሲስቅ የነበረ ሰው እጮኛዋ ስትበላ ጭጭ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ እማማ «ምነው፣ ይቺን የመሰለች ልጅ አስበላችኋት?» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እኒሁ እማማ መድረኩ ላይ ስትበላ እልል ብለው ነበር!

ልዩነቱ ምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ተኝቼ ነው። መድረክ ላይ የተበላችው ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥታ እጅ ትነሣለች። ሰው መትረፏን በዓይኑ ያያል። ፊልም ላይ የተበላ ተበላ። ፍራንክ ኦዝም የገጠመው ይኸው ነው። ቲያትሩ ላይ ተክሉ ፍቅረኞቹን ይበላቸዋል፤ ፊልሙም መጀመሪያ እንዲያ ነበር። ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ጠላው፣ መጨረሻው እንደገና ተቀርጾ ሁለቱም ተረፉ። የመጀመሪያው ፍጻሜ ተስተካክሎ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ግን ልናተርፋት አልፈለግንም። ጅቡ ካልበላት ታሪክ የለንም። ይልቅ እጅ መንሣቱን ራሱን ቀረጽነው። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የተዋናዮቹ ስም ሲወርድ፣ አበዳሪው፣ አከራዩና እጮኛዋ አንድ በአንድ ከአያ ጅቦ አፍ እየተሳቡ ወጥተው ይዘፍናሉ። እናንተ ይህን ከሌላው ቀረጻ ጋር አብራችሁ ጨርሱት። እኛ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንመለስበት ልጅቷ ሹሩባዋን ፈትታ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ሻሽ አሰርኩላት።

እማማን ለምነን መልሰን አሳየናቸው። ልጅቷ ከጅቡ አፍ ስትወጣ አጨበጨቡ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ሻሹን ከየት አመጣችው? ሆዱ ውስጥ ሱቅ አለ እንዴ?» አሉኝ።