የውሃና የመብራት አገልግሎት ለአካል ጉዳተኛ አልመች ሲል መብትዎን በጽሑፍ እንዴት ይጠይቃሉ?

የአገልግሎት ቢሮው በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ዊልቸር አያስገባም። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ «አንሡት» ይላል። ባለጉዳዩ አመስግኖ ይገባል፣ ከፍሎ ይወጣል። በሚቀጥለው ወር እንደገና ጎረምሳ ፍለጋ ነው። ደግነትን የሚጠላ የለም። ግን በሰው ትከሻ መግባት አገልግሎት ማግኘት አይባልም። ደግሞ ጥበቃውም አንድ ቀን ይቀየራል።

ውሃ፣ መብራት፣ የፍሳሽና የቆሻሻ አገልግሎት የከተማ ሰው ሁሉ እየከፈለ የሚጠቀምባቸው ናቸው። አካል ጉዳተኛውም እኩል ይከፍላል፤ እኩል የመገልገል መብትም አለው። በቃል የተጠየቀ ነገር ግን ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ ወረቀት እናዘጋጅ።

የሚደገፉበትን ሕግ ይያዙ

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። አብዛኞቹ የዓለም አገሮች ተቀብለውታል። ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም፤ አራት አንቀጾች ይበቃሉ። አንቀጽ 5 በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 9 ለሕዝብ የሚሰጡ አገልግሎቶች፣ ሕንፃውም መረጃውም፣ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። አንቀጽ 28 ንጹሕ ውሃን በስም ጠርቶ እኩል ይዳረስ ይላል። አንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለአንድ ሰው ችግር የሚስማማ ማስተካከያን፣ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትዘነጋው ይህቺ የመጨረሻዋ ናት።

ከዚያ የአገርዎን ሕግና የድርጅቱን የደንበኞች መመሪያ ይፈልጉ። ኃላፊውም ዳኛውም ቀድመው የሚያዩት እሱን ነው።

እንቅፋቱን በስሙ ይጥሩ

«ዓይነ ስውር ነኝ፣ ተባበሩኝ» ብሎ መጻፍ ብዙ አይራመድም። የሚያነበው ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ምኑ ላይ እንደተቸገሩ ይንገሩት።

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪን እንውሰድ። ብዙዎቹ ሲሞሉ 20 አሃዝ ያለው ቁጥር ያስገባሉ። ዓይነ ስውር ሰው ይህን በጣቱ ማድረግ ይችላል፤ 5 ቁጥር ላይ በእጅ የምትዳሰስ ትንሽ ነጥብ ካለች ሌሎቹን ከእሷ ተነስቶ ያገኛቸዋል። ቁልፉ ልሙጥ ከሆነ ግን ነገሩ ተበላሸ። 13ኛው አሃዝ ላይ መሳሳቱን የሚነግረው የለም፤ ስክሪኑ ዝም ነው። ቆጣሪው ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ጭራሽ አይደርስበትም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው፦ በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ያለው ቆጣሪ፣ ወይም ዝቅ ብሎ የሚተከል፣ ወይም ከቤት ውስጥ የሚሞላበት ሌላ መንገድ።

ሌላውም እንዲሁ ነው። መስማት ለተሳነው ሰው የስልክ መስመር ብቻ ያለው የብልሽት ክፍል ዝግ በር ነው፤ አጭር መልእክት ይጠይቅ። መንገድ ላይ ቧንቧ ሲቆፈር ለዊልቸር ማለፊያ ካልተተወ ጉዳዩ የዚያው ድርጅት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ቢል ይጠየቃል።

ጥያቄዎ ከሁለቱ የትኛው ነው?

የበሩ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መግቢያ፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር ነው። ይህ ተደራሽነት ይባላል። ድርጅቱ ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ ማድረግ ነበረበት። በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መነጋገር ወይም ቢልን በብሬይል ማግኘት ደግሞ ለእርስዎ ተብሎ የሚደረግ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ነው። ግዴታው የሚጀምረው ሲጠይቁ ነው። ስለዚህ ያልተጠየቀ ቀን ሁሉ ለድርጅቱ ሰበብ ይሆናል።

ልዩነቱ ለክርክርም ይጠቅማል። «ከአቅማችን በላይ ነው» የሚለው መከላከያ ለማመቻቸት ይሠራል፤ ለተደራሽነት ግን አይሠራም። ይህን የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ባወጣው ማብራሪያ ላይ በግልጽ ጽፎታል።

ማስረጃ ይሰብስቡ

ፎቶ ያንሡ። ይለኩ። በብዙ አገሮች የግንባታ ደረጃ የራምፕ ተዳፋት ከ1 ለ12 አይበልጥም። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ 180 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ራምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። በር ላይ ጣል የተደረገች አጭር ጣውላ ራምፕ አይደለችም፤ ዊልቸሩን ወደ ኋላ ትገለብጠዋለች። የሄዱበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን መስኮት፣ የተባሉትን ቃል እዚያው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ማመልከቻውን ይጻፉ

አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጉዳዩ፦ ወርሃዊ ቢል በአጭር መልእክት እንዲላክልኝ ስለመጠየቅ። የደንበኛ ቁጥሬ ... ነው። ዓይነ ስውር ነኝ። ቢሉ በወረቀት ብቻ ስለሚመጣ መጠኑንና የመክፈያ ቀኑን ሰው ሳያነብልኝ ማወቅ አልችልም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለቱም በስልኬ እንዲላኩልኝ እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ምክንያቱና ያላችሁ አማራጭ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዉ። «አይቻልም» ማለት ቀላል ነው፣ ለምን እንደማይቻል ፈርሞ መጻፍ ግን ያስባል።

ሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፣ የእርስዎ ቅጂ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። በኢሜይል ከላኩ መልእክቱን አያጥፉ። የሕክምና ታሪክዎን በሙሉ ማያያዝ አያስፈልግም። የተጠየቁት ከጉዳዩ ጋር ካልተያያዘ «ለምን ያስፈልጋል?» ማለት ይችላሉ።

አንድ የተለየ ነገር አለ። ቤትዎ ውስጥ በመብራት የሚሠራ የመተንፈሻ መሣሪያ ወይም የኦክስጅን ማሽን ካለ የሐኪም ደብዳቤ ያያይዙ። ብዙ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ለእንዲህ ዓይነት ደንበኞች የቅድሚያ መዝገብ አላቸው፤ ለጥገና መብራት ሲቋረጥ ቀድመው ያሳውቃሉ፣ በዕዳ ምክንያትም ቶሎ አይቆርጡም። ከሌላቸው ይህንኑ በማመልከቻው ይጠይቁ። ደብዳቤው በየጊዜው መታደስ እንዳለበትም ያጣሩ፤ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። መዝገብ ላይ መግባት ግን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። መጠባበቂያ ባትሪ ወይም ሲሊንደር ይኑርዎት።

«አይሆንም» ሲባሉ

«ልጅዎ ያስተርጉምልዎ» ይሉ ይሆናል። የሕፃን ልጅ ሥራ አይደለም፤ ዕዳና ፊርማ ያለበት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ ሕጉ የመንግሥት ቢሮ ባለጉዳዩን አስተርጓሚ ይዘህ ና እንዳይለው ይከለክላል። የማመቻቸቱን ወጪ በዚያው ባለጉዳይ ላይ መጫንም እዚያ ክልክል ነው። የአገርዎ ሕግ ተመሳሳይ ቃል እንዳለው ይመልከቱ። «በጀት የለም» ካሉ ምን ያህል እንደሚያስወጣና በርካሽ ምን ሊደረግ እንደሚችል በጽሑፍ ይጠይቁ። አጭር መልእክት መላክ ድርጅት አያከስርም።

መልስ ከዘገየ ወይም ካላሳመነዎት ወደ ድርጅቱ ቅሬታ ሰሚ ይሂዱ፣ ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ እንባ ጠባቂ ወይም ሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት። የአካል ጉዳተኞች ማኅበርን ቀድሞ ማማከር ብዙ መንገድ ያሳጥራል። ይርጋውን፣ ማለትም አቤቱታ የማቅረቢያ የጊዜ ገደቡን፣ ይጠንቀቁ። በአሜሪካ ለፌዴራል መንግሥቱ የሚቀርብ አቤቱታ በአጠቃላይ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት።

አገርዎ የስምምነቱን አማራጭ ፕሮቶኮል (ግለሰቦች ለኮሚቴው እንዲያመለክቱ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ስምምነት) ከተቀበለ፣ የአገር ውስጡን መንገድ ጨርሰው ለኮሚቴው ማመልከትም ይቻላል። ሩቅ ይመስላል፤ ግን ተደርጓል። ከባድ የማየት ጉዳት ያለባቸው ሁለት የሃንጋሪ ሰዎች የባንካቸው የገንዘብ ማሽኖች ብሬይልም ድምፅም የላቸውም ብለው አመለከቱ። ክፍያ እንደ ማንም ደንበኛ እየከፈሉ ነበር። ኮሚቴው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 መንግሥቱ ግዴታውን አልተወጣም ሲል ወሰነ። ባንኩ የግል መሆኑ መንግሥቱን አላዳነውም።

በክርክሩ መሃል ግን ቢልዎን መክፈል አያቋርጡ። የሚከራከሩበት ሂሳብ ካለ እሱን ለይተው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የቀረውን ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ከማመልከቻው ቅጂ ጋር አብረው ያስቀምጡ። አለዚያ ውሃው «በዕዳ ነው» ተብሎ ይቆረጥና የተደራሽነቱ ጥያቄ ፋይል ውስጥ ይቀራል።