የእናት ወርቅ፣ የአባት ቮልስ፦ ሲቸግር ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

አገር ቤት ያለች እህት «የእማዬን ወርቅ ልንሸጠው ነው» ብላ ስትደውል፣ ውጭ ያለው ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «እንዳትሸጡት!» የሚለው ነው። ስሜቱ ይገባኛል። ርቆ ለሚኖር ሰው ያ ወርቅ ወይም ያ የአባት መኪና «ቤታችን እንዳለ ነው» የሚልበት ነገር ነው። እዚያ ላሉት ግን የመድኃኒቱ፣ የትምህርት ቤቱና የኪራዩ ቀን ደርሷል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በግልጽ ልናገር፦ አይሸጥ የሚል ሰው ብሩን ይዞ ይምጣ። ጉድለቱን መሸፈን ካልቻለ አብሮ ይምከር እንጂ አይከልክል።

ጠንከር አድርጌ የምለው በምክንያት ነው። ቁጣችንን ፈርተው ሳይነግሩን የሚሸጡ ቤተሰቦች አሉ። ተደብቆ የሚሸጥ ዕቃ ደግሞ በርካሽ ነው የሚሄደው። አንድ ሱቅ ብቻ ይገባበታል፣ በደንብ ሳይመዘን «ዛሬ ካልሆነ ነገ አልገዛም» የሚል ደላላ እጅ ላይ ይወድቃል። ወርቁም ገንዘቡም ያልቅና ቅሬታው ይቀራል። በጊዜ የተነገረው ሰው ግን ቢያንስ ዋጋ ያጣራል።

ባለቤቷ በሕይወት ካለች ጥያቄው የእሷ ነው። ልጆች ተሰብስበው ስለ እናታቸው አልቦ ሲከራከሩ እሷን የሚጠይቃት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እናቶቻችን ወርቅ የሚያስቀምጡት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ «ለክፉ ቀን ይሆናል» ብለው ነው። ክፉ ቀን መጥቶ ስትሸጠው ውርሷን አባከነች ማለት አይደለም፤ ያስቀመጠችበትን ሥራ እየሠራችበት ነው። ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ወርቅ የገዛች እህትም እንደዚሁ ናት። ያ ወርቅ ባንኳ ነው። «ማስታወሻ ነው፣ አትንኪው» ማለት ከእኛ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ዋጋው። ወርቅ ከሆነ መጀመሪያ ካራቱ ይታወቅ። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው። 21 ካራት ከመቶ 87.5፣ 18 ካራት ደግሞ ከመቶ 75 ንጹሕ ወርቅ አለው። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው በአውንስ ነው፤ አንድ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ሃያ ግራም የሚመዝን ባለ 21 ካራት ሐብል 17.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው ማለት ነው። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ ለ31.1 አካፍሉት፣ በ17.5 አባዙት። የምታገኙት ቁጥር ጣሪያው ነው። ሱቁ ትርፉን ይቀንሳል፣ ድንጋይ ካለበት ክብደቱን ያወጣል፣ ሲገዛ ለእጅ ሥራው የተከፈለውን ደግሞ አይመልስም። ቢሆንም ጣሪያውን ለሚያውቅ ሻጭና ለማያውቅ ሻጭ እኩል ዋጋ አይቀርብም። ከአንድ ሱቅ በላይ ይግቡ፣ በሁሉም ቦታ ሚዛኑን በዓይናቸው ይዩ፣ የግራሙን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ።

ድሮ በሰማነው ዋጋ ማሰብም ይቅር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ሃምሳ ሰባት ብር አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተገመተ የወርቅ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። የቀረበው ብር ብዙ መስሎ ስለታየ ብቻ ጥሩ ዋጋ ነው አትበሉ።

የቆዩ የባህል ጌጦች ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ወርቅ የሚመስለው ብር ላይ የተቀባ ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አስመርምሩት። ጠገራ ብር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይም ተመቷል፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጭምር። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ጥንታዊ ነው» ብሎ ሀብት የሚያልም ቤተሰብ ያዝናል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። አብዛኛው ጠገራ የሚያወጣው ከዚህ ንጹሕ ብር ዋጋ ብዙም የራቀ አይደለም። የምኒልክ ምስል ያለበት ብር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። እሱን በሚዛን አትሽጡ።

እንዲህ ያለው ሒሳብ ውሳኔውን ያቀላል። ጠገራው የሚያስገኘው ገንዘብ የችግሩን ጥግ እንኳ የማይነካ ከሆነ ለምን ይሸጣል? ከአያት የመጣ ድሪ ቀልጦ የአንድ ወር ኪራይ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ፣ ያን የአንድ ወር ኪራይ ከሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። የቀለጠ ድሪ አይመለስም። መደበኛ የሱቅ ሐብል ግን ነገ ተመሳሳዩ ይገዛል፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማወጣው እሱን ነው።

ብራና፣ የቆየ ዳዊት፣ የቤተክርስቲያን ሥዕል ወይም ጥንታዊ መስቀል ካለ ግን ቆም በሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። «ላኩልኝና እዚህ ልሽጠው» የሚለው ሐሳብ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚቆመውን ዘመድ ጣጣ ውስጥ ይከታል። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የአባት መኪና ላይ አስተያየቴ ከወርቁ ይለያል። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ቮልስ በየዓመቱ እየሞተ ነው። ጎማው በቆመበት ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይደርቃል፣ የበሩ ግርጌ ዝገት ይበላዋል። ቦሎና ኢንሹራንስ ካልታደሰለት መንገድ ላይ አይወጣም። የሚነዳው ልጅ ከሌለ፣ ሞተሩ እየተነሳ ሳለ ለሚወደው ሰው መሸጥ ለአባትም ክብር ነው እላለሁ። ታርጋውን አስቀሩ ማለቴ አይደለም፤ እሱ የመንግሥት ነው። የመሪውን ፎቶ፣ የድሮ ሊብሬውን ኮፒ፣ አባት መኪናው አጠገብ የቆመበትን ፎቶ ግን ያዙ።

ወረቀቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። መኪናው ወይም ቤቱ በሟች ስም ከሆነ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሳይወጣ አይሸጥም፤ ወራሾቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው። ውጭ ያለው ወራሽ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያዘጋጃል፣ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። «ጠቅላላ ውክልና አለው» ብላችሁ አትተኙ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም። የመሸጥ ሥልጣን በቃሉ መጻፍ አለበት። ለመኪናም የሰሌዳና የሻሲ ቁጥሩ ተጠቅሶ ቢጻፍ ማንም አይመልሰውም። ዕቃው በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ይፈልጋል። 500 ብር ዛሬ ምንም ስላልሆነ፣ ወርቅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል ብላችሁ አስቡ።

እኔ በጣም የምወደው መንገድ ዕቃው ከቤተሰብ ሳይወጣ ገንዘብ የሚገኝበት ነው። ደህና የሚሠራ ልጅ ካለ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይግዛው። በርኅራኄ ዋጋ አይደለም፣ ሱቅ በሰጠው ዋጋ። ወይም ወርቁን በመያዣ ወስዶ ያበድር፤ ሲመለስለት ይመልስ። ስንት እንደተሰጠ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ካልተመለሰ ዕቃው የማን እንደሚሆን ሁሉም ወንድምና እህት ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጻፍ። «በኋላ እንተማመናለን» የሚባለው ነገር ነው እናት ስታልፍ ለቅሶ ቤት ላይ ጠብ የሚሆነው።

የተቸገራችሁት እናንተ ከሆናችሁስ? ሥራ ቆሞባችሁ፣ አገር ቤት እናት ጋ የተቀመጠ የራሳችሁ ወርቅ ሊኖር ይችላል። እዚያ ሽጦ ብሩን ወደ ውጭ ማውጣት ቀላል አይደለም። እዚያው በብር የምትከፍሉት ዕዳ ወይም ለቤተሰብ የምትልኩት ወርሃዊ ገንዘብ ካለ ግን፣ ወርቁ ያን ይሸፍን፣ የእናንተ ዶላር ለኪራያችሁ ይቅር። እናታችሁን ግን እውነቱን ንገሯት፤ ምክንያቱን ሳታውቅ «ወርቁን ሽጪው» ከተባለች ታማችሁ ነው የሚመስላት።